ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማንን ልጠይቅ? የሳንባ ካንሰር ታማሚ ለምታስታምሙ፣ ኦንላይን ድጋፍ አፈላለግ ከሀ እስከ ፐ

ሰላም እንዴት ናችሁ። እኔ ጎንደር ነኝ፣ አዘዞ ነው ቤታችን፣ እናቴን የሳንባ ካንሰር ይዟት አንድ አመት ከአራት ወር አስታምሜያለሁ። ይሄን የምጽፈው ያኔ የሚነግረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። ጠያቂ ሞልቶ ነበር፣ ቤቱ ከሰው ጠፍቶ አያውቅም፣ ግን የሚመጣው ሁሉ "አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" ብሎ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እናቴ ትንፋሽ አጥሯት አልጋው ላይ ቁጭ ስትል እኔና እሷ ብቻችንን ነን። ያኔ ነው ስልኬን አንስቼ መፈለግ የጀመርኩት። ብዙ ተሳስቻለሁ፣ ብርም ልበላ ነበር፣ ስለዚ በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

አንድ ነገር መጀመሪያ። ኦንላይን ላይ ሀኪም አትፈልጉ። ሀኪማችሁ ካርዱን የያዘው ሰው ነው። ኦንላይን የምትፈልጉት ያንኑ መንገድ የሄደ ሌላ አስታማሚ ነው። እኔ ይሄ እስኪገባኝ ሶስት ወር ፈጅቶብኛል።

1. ከመግባታችሁ በፊት ወረቀቱን እወቁት

ግሩፕ ውስጥ ገብታችሁ "እናቴ ሳንባ ካንሰር አለባት ምን ላድርግ" ብትሉ የሚጠቅም መልስ አታገኙም፣ ምክንያቱም ሳንባ ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። ሁለት ትልልቅ አይነት አለው፣ ናን ስሞል ሴል የሚባለው ከመቶ 85 ገደማ የሚሆነውን ይይዛል፣ ስሞል ሴል ደግሞ 15 ገደማ። ስሞል ሴል ቶሎ ይሰራጫል፣ ከማጨስ ጋርም በጣም የተያያዘ ነው፣ ህክምናውም ይለያል። ናን ስሞል ሴል ውስጥ ደሞ አዴኖካርሲኖማ፣ ስኳመስ የሚባሉ አሉ። የናንተ የትኛው እንደሆነ የናሙናው ማለትም የባዮፕሲው ውጤት ላይ ተጽፏል። ከሌለ በሚቀጥለው ቀጠሮ ዶክተሩን ጠይቁት፣ አትፈሩ። እኔ "ይሄን ምን ልበልሽ፣ ትልቅ ነገር ነው" እንዳይለኝ ፈርቼ ሁለት ቀጠሮ ሳልጠይቅ ወጥቻለሁ፣ ስጠይቀው ግን ወንበር ስቦ አስቀምጦ ነው ያስረዳኝ።

ስልካችሁ ላይ ኖት ክፈቱና እነዚህን ጻፉ፦ አይነቱ፣ ስቴጁ (ከ1 እስከ 4 ነው፣ 4 ማለት ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ሄዷል ማለት ነው)፣ የት የት እንደደረሰ፣ እስካሁን የተሰጠው ህክምና፣ የሚወስዱት መድሃኒት ከነመጠኑ፣ እና ሌላ በሽታ ካለ፣ ስኳር፣ ግፊት ምናምን። ኢጂኤፍአር እና ኤኤልኬ የሚባሉ የዘረመል ምርመራዎችም አሉ፣ ውጤታቸው ፖዘቲቭ ለሆነ ሰው በአፍ የሚዋጥ ኪኒን ሊሰጥ ይችላል። ውጪ ያሉ ሰዎች ስለነዚህ ሲያወሩ ታያላችሁ፣ የናንተ ሰው ካልተመረመረ "ለእናቴም ይሰራል ወይ" ብሎ ዶክተሩን መጠየቅ ነው እንጂ ኪኒኑን ከዱባይ ለማስመጣት መሮጥ አይደለም። ምርመራው ሳይኖር ኪኒኑ ትርጉም የለውም።

በነገራችን ላይ እናቴ በህይወቷ ሲጋራ ነክታ አታውቅም። አርባ አመት ግን ጭስ ቤት ውስጥ እንጀራ ጋግራለች። ማጨስ ዋናው ምክንያት ነው፣ ግን የማያጨስ ሰውም ይይዘዋል፣ የቤት ውስጥ ጭስም ከሚጠቀሱት አንዱ ነው። ይሄን የምነግራችሁ "ታጨስ ነበር እንዴ?" የሚለው ጥያቄ ጎረቤትም ኦንላይንም መጀመሪያ የሚመጣ ስለሆነ ነው፣ ያጨሰ ሰውም ቢሆን ታሞ የሚወቀስበት ምክንያት የለም፣ መልስ የመስጠት ግዴታ የለባችሁም።

2. ምን እንደጎደላችሁ ለዩ

እኔ ሁሉን ነገር ከአንድ ቦታ ስፈልግ ነው የደከመኝ። መረጃ ለብቻ ነው፣ የልብ ድጋፍ ለብቻ ነው፣ የእጅ እርዳታ (ገንዘብ፣ ማረፊያ፣ መኪና) ደሞ ለብቻ። መረጃ የውጪዎቹ ጋ ይሻላል። "ደከመኝ፣ አንዳንዴ ምነው በቃ ባለቀ እላለሁ፣ ከዛ ራሴን እጠላለሁ" የሚለውን ቃል ግን በአማርኛ ነው መጻፍ የምትፈልጉት፣ በእንግሊዝኛ አይወጣም። የእጅ እርዳታ ደሞ ከማታውቁት ሰው ኦንላይን አይገኝም፣ እሱን ከዘመድና ከሚታወቁ ድርጅቶች ነው።

3. የት ትሄዳላችሁ

በአማርኛ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ "ካንሰር" "አስታማሚ" "የካንሰር ታማሚዎች ቤተሰብ" እያላችሁ ፈልጉ። ለሳንባ ብቻ የሆነ ማግኘት ይከብዳል፣ የጡትና የማህፀን ይበዛል፣ ግን ኬሞው (የካንሰሩ መድሃኒት) አይነቱ ቢለያይም ጣጣው ይመሳሰላል፣ የማስታመም ድካምም አንድ ነው፣ ግቡበት። ስትገቡ መጀመሪያ የምታዩት አድሚኑ ማነው፣ ሰዎች እርስ በርስ ያወራሉ ወይስ አንድ ሰው ብቻ ዕቃ ይሸጣል የሚለውን ነው።

የሚታወቅ ድርጅት ከፈለጋችሁ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አለ፣ በ2004 እ.ኤ.አ. በካንሰር ልጃቸውን ያጡ ወላጆች ያቋቋሙት ነው፣ አዲስ አበባ ላይ ከክልል ለህክምና ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለው። እኛ ለጨረር ወደ ጥቁር አንበሳ ተልከን ስንሄድ መጀመሪያ ያስጨነቀን ህክምናው ሳይሆን የት እናድራለን ነበር። ስለዚ ሪፈር ከመጻፉ በፊት ገጻቸው ላይ ጽፋችሁ ወይ ደውላችሁ ቦታ መኖሩን አጣሩ፣ አውቶብስ ከተሳፈራችሁ በኋላ አይደለም። ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባልም አለ፣ እሱ ህመም ማስታገስና የቤት ለቤት ክብካቤ ላይ ነው የሚሰራው፣ አዲስ አበባ ነው።

በእንግሊዝኛ ለሳንባ ብቻ የቆመው ለንጀቪቲ (LUNGevity) የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው፣ ለአስታማሚ የተለየ ክፍል አለው። የእንግሊዞቹ ማክሚላን ደሞ ለሁሉም ካንሰር ነው፣ ቤተሰብ የሚጽፍበት ቦታ አለው፣ አጻጻፋቸውም ቀለል ያለ ነው። አሜሪካን ካንሰር ሶሳይቲም አለ። በስልክ ወይ በቪዲዮ የሚደረጉት አንዳንዶቹ እዛው አገር ለሚኖር ብቻ ናቸው፣ ሲመዘገቡ አድራሻ ይጠይቃሉ፣ ማንበብ ግን ማንም አይከለክላችሁም።

የቀጥታ ስብሰባ ካገኛችሁ ሰዓቱን በደንብ አስሉ፣ እኔ አንዴ በስሌት ስህተት ባዶ ክፍል ውስጥ ገብቼ ሀያ ደቂቃ ራሴን ሳይ ቆይቻለሁ። የኒውዮርክ ሰዓት ከኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዛ በነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 8 ሰዓት (እኛ 2 የምንለው) ካሉ በነሱ በጋ እኛ ጋ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የለንደን ደሞ 2 ወይ 3 ሰዓት ብቻ ነው የሚለየን፣ ስለዚ እዛ ከምሽቱ 7 (እኛ 1 የምንለው) ሲሉ በበጋቸው እኛ ጋ ምሽት 3 ሰዓት ነው፣ ለኛ የሚመቸው ያ ነው።

እንግሊዝኛ ለሚከብዳችሁ ጉግል ትራንስሌት ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛ አለው። ግን ተጠንቀቁ። እኔ አንዱን ጽሁፍ ሳስተረጉመው "እናቴ መድረክ አራት ላይ ናት" ብሎኝ ሴትዮዋ ዘፋኝ ናት እንዴ ብዬ ደጋግሜ ነው ያነበብኩት፣ ስቴጅ የሚለውን ነው። ስለ መድሃኒት መጠንና ስለ ቁጥር የተጻፈን በትርጉም ብቻ አትመኑ፣ እንግሊዝኛ የሚችል የጎረቤት ተማሪ አንዴ ይይላችሁ።

4. ስማችሁንና የታማሚውን ሚስጥር ዝጉ

ይሄ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ የተቃጠልኩበት ስለሆነ። ጎንደር ትንሽ ናት። አራዳ ያለ ሰው ማራኪ ያለውን ያውቀዋል፣ ካላወቀው በአክስቱ ያውቀዋል።

ቤተሰብ ተሰብስቦ ለእናቴ ካንሰር እንደሆነ እንዳይነገራት ወስኖ ነበር፣ "ቲቢ ነው" ተባለች፣ መጀመሪያ ላይ ሳሉና ደሙ ስለሚመሳሰል አንድ ክሊኒክ ለቲቢ ነበር ሲያክማት የቆየው፣ እኛም እሱን ይዘን ቀጠልን። አንድ ቀን እኔ እንጀራ እየጋገርኩ ስልኬን የእህቴ ልጅ ይዞ ይጫወታል፣ ሶስተኛ ክፍል ነው፣ ማንበብ መቻሉን ማሳየት ይወዳል። ቴሌግራሙ ብቅ ሲል ጮክ ብሎ አነበበው፦ "አክስቴ፣ የእናትሽ ካንሰር ስቴጅ ስንት ነው ይልሻል።" እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ ነበር። ምንም አላለችም። ማታ ላይ ብቻ፣ "ታዲያ ካንሰር ከሆነ ስኒዬን ለብቻ ያደረጋችሁት ለምንድነው?" አለችኝ። ሶስት ወር ሙሉ ስኒዋን ለይተን ነበር የምናጠጣት። እሱን ሳስብ አሁንም ያቃጥለኛል።

መንገር አለመንገር የየቤቱ ጉዳይ ነው፣ እኔ አሁን ቢሆን ከዶክተሩ ጋር ተማክሬ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፣ ግን በሰው ስልክ እንዲሰሙ ማድረግ አይገባም። ስለዚ ዛሬውኑ ቴሌግራም ላይ ሴቲንግ፣ ከዛ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ ግቡ፣ ፎን ነምበር የሚለውን ኖባዲ አድርጉት፣ ግሩፕስ ኤንድ ቻናልስ (አንዳንዱ ስልክ ላይ ኢንቫይትስ ይላል) የሚለውን ማይ ኮንታክትስ አድርጉት፣ ያለዛ ማንም እየጎተተ ግሩፕ ውስጥ ይከታችኋል። ኖቲፊኬሽን ውስጥ ደሞ ሜሴጅ ፕሪቪው የሚለውን አጥፉት። ስምና ፎቶ ቀይሩ፣ የጽጌረዳ ፎቶም ቢሆን። የሲቲ ስካን ወረቀት ስታነሱ ስም፣ ካርድ ቁጥርና የሆስፒታል ማህተም ያለበትን ክፍል ቁረጡት። የታማሚውን ፊት ባትለጥፉ ይሻላል፣ ኬሞ ጸጉሯን ያረገፈባት እናት ፎቶዋ በማታውቀው ሰው ስልክ ውስጥ እንዲዞር አትፈልግም።

5. አጠያየቅ

መጀመሪያ አንድ ሳምንት አትጻፉ፣ አንብቡ ብቻ። ግሩፑ ውስጥ ፍለጋ ላይ "ትንፋሽ" "ማስመለስ" "እንቅልፍ" ብላችሁ ጻፉ፣ ጥያቄያችሁ ቀድሞ ተጠይቆ ይሆናል። ከዛ ስትጠይቁ አንድ ጥያቄ ብቻ። የኔ የመጀመሪያ ጽሁፍ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፣ ለቅሶ ነው ባጭሩ፣ ሀያ ሰው እጁን አጣምሮ የጸሎት ምልክት ለጠፈልኝ፣ መልስ የሚሆን አንድ የለም። ሁለተኛው እንዲህ ነበር፦

"እናቴ 61 አመቷ ነው። አዴኖካርሲኖማ፣ ስቴጅ 4። ሁለተኛውን ኬሞ ከወሰደች 5 ቀኗ ነው። ምግብ ሲሸታት ያስመልሳታል፣ ውሃ ትጠጣለች፣ የማቅለሽለሽ መድሃኒት ታዞላታል። ጥያቄዬ፦ በዚህ ሰዓት የናንተ ሰው ምን መብላት ቻለ?"

በአንድ ሰዓት ውስጥ ስድስት መልስ አገኘሁ። ምግቡ ሳይሞቅ ስጧት፣ ትኩስ ነገር ይሸታል አሉኝ። ወጥ የሚሰራው እሷ ከምትተኛበት ክፍል ርቆ ይሁን፣ በትንሽ ሰሀን ቶሎ ቶሎ እንጂ በትልቅ አትደቅኑባት፣ አጥሚቱን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ በስኒ። ያ ሁሉ ሰርቷል። ልብ በሉ፣ አንዱም መድሃኒት አላዘዘልኝም።

ሲሰራላችሁም ሳይሰራም ተመልሳችሁ ንገሯቸው። ጠይቆ የሚጠፋ ሰው ሁለተኛ መላሽ አያገኝም።

6. መልሱን አበጥሩ

ከጻፋችሁ በአስር ደቂቃ ውስጥ "በውስጥ መስመር አውሪኝ" የሚል ይመጣል። እኔን ያናገረኝ ሰውዬ ካንሰርን በ21 ቀን የሚያጠፋ የስር መድሃኒት አለኝ፣ ግማሹን በቴሌብር አስቀድሚ አለኝ፣ የዳኑ ሰዎች ድምጽም ላከልኝ። ልልክ ነበር እውነቴን ነው። ያቆመኝ የግሩፑ አንዲት እናት ናት፣ "ስንት ቀጠሮ ይዞ ያያታል? ጭራሽ ሳያያት ነው የሚሸጥልሽ?" አለችኝ። ብር አስቀድሞ የሚጠይቅ፣ ለሁሉም ካንሰር አንድ መድሃኒት ያለው፣ ኬሞውን አቁሙ የሚል፣ ለዶክተሩ አትንገሩ የሚል ሰው ሲመጣ ብሎክ። ቅጠላ ቅጠልም ቢሆን በኬሞ ጊዜ ከመድሃኒቱ ጋር ሊጋጭ፣ ጉበትና ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል፣ መጀመሪያ ለሀኪሙ ንገሩት። ጸበሉን የሚከለክላችሁ የለም፣ እናቴም ትጠመቅ ነበር፣ ኪኒኗን ግን አላቋረጠችም፣ ቄሱም ራሳቸው መድሃኒትሽን ውሰጂ ነው ያሏት።

ቅን ሰውም ይሳሳታል። "የኔ አባት ይሄን ያህል ሞርፊን ነው የሚወስደው" ብሎ መጠን የሚጽፍ አለ፣ ሞርፊን ከባድ የህመም ማስታገሻ ነው። የሱ አባት መጠን የናንተን ሰው ሊገድል ይችላል። ከግሩፑ ይዛችሁ የምትወጡት ጥያቄውን እንጂ መጠኑን አይደለም፣ ቀጠሮ ላይ ዶክተሩን ጠይቁበት።

7. ኦንላይን የማይጠየቅ

ኬሞ ላይ ያለ ሰው ትኩሳቱ 38 ወይም ከዛ በላይ ከሆነ ግሩፕ ላይ አትጻፉ፣ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው። በተለይ ኬሞ በወሰዱ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴላቸው ይወርዳል፣ ኢንፌክሽን በሰዓታት ይጥላቸዋል። ቴርሞሜትር ግዙ፣ በእጅ ጀርባ ግንባር መንካት አይበቃም። ደም በብዛት ካሳሉ፣ ትንፋሽ በድንገት ከባሰ፣ ፊትና አንገት ካበጠ፣ የጀርባ ህመም መጥቶ እግር ከደከመ ወይ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ግራ ከተጋቡ ወይ ከተንቀጠቀጡም ያው ሆስፒታል ነው። መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ ቁጥር ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ስልካችሁ ቻርጅ ቢጨርስ እንኳ ሌላው ሰው እንዲያየው።

8. ያገኛችሁትን ወደ ቤት አምጡት

ከሁሉም የጠቀመችኝ አንዲት እንግሊዛዊት ናት፣ ባሏን የምታስታምም። ትንፋሽ ሲያጥረው በእጅ የሚያዝ ትንሽ ቬንትሌተር ወደ ፊቱ አደርግለታለሁ፣ አፍንጫና ጉንጩ ላይ ነፋስ ሲነካው ይቀለዋል ብላ ጻፈች። እኛ ቤት ቬንትሌተር የለም። የከሰል ማራገቢያ ግን አለ፣ የሰሌኗ። አጠብኳት፣ መስኮት ከፈትኩ፣ እናቴን ትራስ አቅፋ ወደፊት ደገፍ አደረግኳትና ቀስ እያልኩ ፊቷ ላይ አራገብኩ። "ምንድነው እንደ ከሰል ታነጂኛለሽ" ብላ ሳቀች፣ ከሳቋ ተከትሎ ሳል መጣ፣ ግን ቀለላት። ከዛ በኋላ ማራገቢያዋ ከአልጋው ራስጌ አልተነሳችም። ለዶክተሩ ስነግረው ትክክል ነው አለኝ።

ሁለተኛው ጭስ ነው። ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ ከሰል ይያያዛል፣ እጣን ይጨሳል፣ ታማሚዋ ያለችው እዛው ክፍል ነው። ሰው ላለማስቀየም ዝም ስል ቆይቼ በኋላ ቡናውን በረንዳ ላይ አፈላሁት፣ እጣኑን ተውኩት። እትዬዎቹ መጀመሪያ ቅር ብሏቸው ነበር፣ "ዶክተር ነው ያዘዘው" ስል ሁሉም ዝም አለ፣ ይቺን ቃል ተጠቀሙባት። ቤት ውስጥ ኦክስጅን ካለማ ከሰልም ሻማም ክብሪትም አጠገቡ አይደርስም፣ እሳት ይነሳል።

ሞርፊን ከታዘዘ ደሞ ሆድ ድርቀት አብሮት እንደሚመጣ እወቁና ማለስለሻውን አብራችሁ ጠይቁ። ይሄንንም የሰማሁት ከአስታማሚ ነው፣ እናቴ ስምንት ቀን ከተቸገረች በኋላ።

9. የቤተሰብ ግሩፕ

ለብቻው የቤተሰብ ግሩፕ ክፈቱ፣ ከስድስት ሰው ባይበልጥ። ወንድሜ አዲስ አበባ፣ እህቴ ቤሩት ነበረች፣ ሁሉም በየሰዓቱ እየደወለ "እንዴት አደረች" ሲለኝ የማወራው ለአስር ሰው ነበር። ግሩፑ ላይ ማታ 2 ሰዓት አንድ የድምጽ መልዕክት እልካለሁ፣ በቃ። ቀጠሮ፣ የመድሃኒት ዝርዝርና የወጪ ሂሳብ ፒን ይደረጋል። ስራም አካፍሉበት፣ ሩቅ ያለው መድሃኒት ያፈላልግ፣ እንግሊዝኛውን ያንብብ፣ ቅርብ ያለው ቅዳሜ አንድ ሌሊት ይደር። "ምን ልርዳሽ" ለሚል ሰው "ምንም" አትበሉ፣ ቀንና ሰዓት ስጡት።

ኔትወርክ ይጠፋል፣ መብራትም። የጠቀማችሁን ጽሁፍ ስክሪንሾት አድርጉ ወይ ደብተር ላይ ገልብጡ፣ የሌሊት ፓኬጅ ርካሽ ስለሆነ ቪዲዮውን ያኔ አውርዱ። ከግሩፑ የተግባባችሁት አንድ ሰው ካለ በኔት ብቻ እንዳይቀር ስልክ ተለዋወጡ፣ ያም በደንብ ካወቃችሁት በኋላ።

10. ራሳችሁን

ስቴጅ 4 ግሩፕ ውስጥ ሰው ይሞታል። ትናንት ያወራችሁት ሰው "አባቴ አረፈ" ብሎ ይጽፋል። እኔ አንድ ሰሞን እሱን እያነበብኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሚውት አድርጉ፣ በቀን አንዴ ብቻ ግቡ፣ የመኖሪያ ጊዜ ቁጥሮችን ሌሊት አትፈልጉ። እንቅልፍ ሁለት ሳምንት ከጠፋ፣ ምግብ ካስጠላችሁ፣ መኖር ካስጠላችሁ ግሩፕ አይበቃም፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የሥነ አእምሮ ክፍል አለ፣ ለናንተ ካርድ አውጡ። እኔ ለእናቴ ቀጠሮ በሄድኩበት ቀን ነው ለራሴም ያወጣሁት፣ ማንም አላየኝም፣ ቢያየኝም ምን ያመጣል።

እናቴ ባለፈው የካቲት አረፈች። ግሩፑ ላይ በሁለት መስመር ነገርኳቸውና ሚውት አደረግኩት፣ ከአርባዋ በኋላ ነው ተመልሼ ያየሁት። መውጣት ከፈለጋችሁ ውጡ፣ ማንም አይቀየማችሁም። እኔ አልወጣሁም። ከትናንት ወዲያ አንዱ ከደባርቅ "ትንፋሽ ሲያጥራት ምን ታደርጋላችሁ" ብሎ ጻፈ፣ ስለ ማራገቢያዋ ነገርኩት፣ መጀመሪያ ግን ትኩሳቷን ለካህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።